ሐረር መጽሐፎቿን የት አኖረቻቸው? ጥያቄዬና የመጡልኝ 43 መልሶች

ባለፈው ሳምንት ስለ ሐረር አንድ ጥያቄ እዚህ መድረክ ላይ ጥዬ ነበር። መልሱ 43 ደረሰ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ከየት እንጀምር ብላችሁኛል። ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ በየቁጥራቸው ላውጋችሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ባይደገም ይሻላል። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

መነሻው

ያደግኩት ሐረር ነው። ከግንቡ ውጭ፣ ሸዋ በር አካባቢ። እናቴ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል የሚኖሩ አንድ ደንበኛ ነበሯት፤ ሐጂ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ ዕቃ የማደርስላቸው እኔ ሆንኩ።

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። ዋናው ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት ወንበር ላይ አይደለም። ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል መደብ አለ፤ ነደባ ይሉታል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳውን ስፌት ሞልቶታል። በስፌቱ መሃል ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉ መደርደሪያ መሳይ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ጣቄት ይባላሉ። ሐጂ መጽሐፎቻቸውን የሚያስቀምጡት እዚያ ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና እዚያው ቆየሁ። ሐጂ ተነስተው አንዱን አወረዱልኝ። ሽፋኑ ጠቆር ያለ ቀይ ቆዳ ነው። መሃሉ ላይ እንደ ማኅተም ተረግጦ የወጣ ጌጥ አለው። የኋላው ሽፋን እንደ ፖስታ ክዳን ሾል ያለ ምላስ አለው። ታጥፎ ወደ ፊት ይመጣና ገጾቹን እቅፍ ያደርጋቸዋል። ምላሱን ገለጥ አደረጉት። የወረቀቱን ጠርዝ ብል በልቶታል። ጽሑፉ ጥቁር ነው፣ አልፎ አልፎ ቀይ። ከዚያ አንዱን ቅጠል ቀና አድርገው ወደ በሩ ብርሃን አነሱት። ወረቀቱ ውስጥ ሦስት ጨረቃ ታየኝ። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ በሰልፍ። ቅጠሉ ሲወርድ ጠፉ። ሲነሳ ደግሞ መጡ። ልጅ ነኝ፤ ተአምር ነው የመሰለኝ።

ቀጥለው አንድ መስመር አነበቡልኝ። ዐረብኛ ነው ብዬ ነበር። አይደለም አሉኝ፤ ጌይ ሲናን ነው፣ የቤታችን ቋንቋ። ገበያ ላይ ሴቶቹ በድንች ዋጋ ሲከራከሩበት የምሰማው ቋንቋ፣ ለካ መጽሐፍ ውስጥም አለ። ያን ቀን ያደረብኝ ስሜት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ሐረር ሲባል ሰው የሚያነሳው ጅቡን፣ ቡናውን፣ ቢራውንና አንድ ፈረንሳዊ ገጣሚን ነው። ከተማዋ ራሷስ ምን ጻፈች? እነማን ጻፉላት? የጻፉትስ ዛሬ የት ነው?

ሐጂ ካለፉ ቆይተዋል። በቅርቡ ልጃቸው የዚያን መጽሐፍ ሁለት ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ፣ እነሱንም አያያዝኳቸው። አንዱ ሽፋኑ ነው። ሌላው መጨረሻው ላይ ተገልጦ የተነሳ ነው፤ በቀኝ የመጽሐፉ ጽሑፍ፣ በግራ ደግሞ በሌላ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ ይታያል። እኔ ፊደሉን ማንበብ አልችልም። ልጃቸውም አትችልም።

መልሶቹ

1ኛው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ሸዋ በር የሚለውን አይቶ የሰፈሬ ልጅ ነህ ያለኝ ሰው ነው። 2ኛው ጥያቄው ራሱ ገርሞታል። የሐረር የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ፣ ራምቦ ነው፣ ቤቱም እዚያው ጀጎል ውስጥ ስላለ ሄዶ ማየት ይቻላል አለ።

3ኛው በትሕትና አረመው። አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 ታኅሣሥ ላይ ነው። ያኔ 26 ዓመቱ ነበር። ግጥም መጻፍ ያቆመው ግን ገና 20 ዓመት አካባቢ ሳለ ነው። የመጣው ኤደን ላይ ለነበረ የባርዴ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ከሐረር የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ድካሙ። አንድ ስለ ኦጋዴን የተዘጋጀ ዘገባም አለው፣ 1884 ላይ በፈረንሳይ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት የወጣ። 1891 ላይ እግሩን ታሞ በቃሬዛ ከከተማዋ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ ሞተ። 4ኛዋ ጸሐፊ የጨመረችው አጭር ነው። የራምቦ ቤት የሚባለው ያ ባለ ቀለም መስታወት ፎቅ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው እንጂ እሱ የኖረበት አይደለም።

ቤቱን እኔም እወደዋለሁ። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ከተማውን ማየት ደስ ይላል። ራምቦ ላይም ቂም የለኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሐረር ውስጥ ግጥም ያልጻፈው ሰው የሐረር ገጣሚ ተብሎ ሲጠራ፣ እዚያው ተወልደው፣ እዚያው ጽፈው፣ እዚያው የተቀበሩት አንዳቸውም አይነሱም።

5ኛው መልስ ላይ ነው ውይይቱ መልክ የያዘው። ጸሐፊው ሐረሪ ነው። እኛ ከተማዋን ሐረር አንላትም አለ። ጌይ ነው የምንላት፤ ትርጉሙም ከተማ ነው፣ በቃ። ራሳቸውን ጌይ ኡሱእ ይላሉ፣ የከተማ ሰው። ቋንቋቸው ጌይ ሲናን ነው፣ የከተማ ቋንቋ። ለሕዝቡም ለቋንቋውም ስሙን የሰጠችው ከተማዋ ናት። ስለ ማንነት የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ይጀምር አለ። እኔ እዚያው አድጌ ይህን ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

6ኛዋ የቋንቋ ተማሪ ሳትሆን አትቀርም። ጌይ ሲናን ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ የአማርኛ ዘመድ ነው አለች። የቅርብ ሥጋው ግን ስልጢኛ፣ ወላኔና የዝዋይ ደሴቶቹ ዛይ ነው። በሪ ሲሉ በር ነው፤ ጋር ሲሉ ቤት፣ ስልጤውም እንደዚያው ይላል። የሚገርመው፣ ጌይ ሲናን ለረጅም ዘመን በአንድ ግንብ ውስጥ መኖሩ ነው። ዙሪያውን ኦሮምኛና ሶማልኛ፣ መስጊዱ ውስጥ ዐረብኛ፣ በኋላም አማርኛ እያለ።

7ኛው ለጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ረጅም ነው፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሐረር በሁለት ቋንቋ ጽፋለች አለ። አንዱ ዐረብኛ ነው፤ ሕግ፣ ሰዋስው፣ ውዳሴ፣ ታሪክ። ሌላው ጌይ ሲናን ነው፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ፣ ዐጀሚ የሚባለው። ከድሮው ጌይ ሲናን ከቆዩልን ዋነኛው ኪታብ አል-ፈራኢድ ነው፣ የሃይማኖት ግዴታዎችን የሚያስተምር። ዛሬ ያለ ተናጋሪ ሲያነበው ብዙ ቃሉ ይከብደዋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1936 ያሳተመው የሐረር ጥናት ውስጥ ይገኛል። በዐረብኛ ከተጻፉት ደግሞ ፈትሕ መዲነት ሐረር አለ፤ ሸኽ አባድር ከአውሊያው ጋር ወደ ሐረር መምጣታቸውን የሚተርክ። ከታሪክ ይልቅ ወደ አፈ ታሪክ ያደላል፤ ከተማዋ ራሷን እንዴት እንደምታይ የሚነግረን ግን እሱ ነው። ኤቫልት ቫግነር የተባለ ጀርመናዊ በ1978 አጥንቶ አውጥቶታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሸኽ ሃሺም አሉ፤ የነቢዩን ውዳሴ በዐረብኛ የደረሱ። ሥራቸው ዛሬም ይዜማል። ሐረር ገጣሚ ካስፈለጋት እሳቸውን ትጥራ ብሎ ጨረሰ። ከ43ቱ ውስጥ ይህን ዐረፍተ ነገር ያህል ያስደሰተኝ የለም።

8ኛዋ የእኔን ተአምር ፈታችው። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፣ ስሜቴን እንዳትነካ። ሦስቱ ጨረቃ የሐረር ምልክት አይደለም፣ የሃይማኖት ምልክትም አይደለም። የወረቀት ፋብሪካ ምልክት ነው። ጣሊያን አገር፣ ቬኒስ አካባቢ፣ ለኦቶማን ገበያ ተብሎ ይሠራ የነበረ ወረቀት ነው፤ ጨረቃው ገዢውን ደስ እንዲለው የገባ ነው። በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ዘይላ ይወርድና በግመል ሐረር ይገባል። ስሙም ራሱ ሦስት ጨረቃ ነው፣ በጣሊያንኛ ትሬ ሉኔ።

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ተአምሩ አልቀነሰም። ክርስቲያን ጣሊያን የነከረው ወረቀት፣ ዘይላ ላይ የተራገፈ፣ በረሃ ያቋረጠ፣ ሐረር ላይ በሸምበቆ ብዕር የተጻፈበት፣ በሐረር ቆዳ የተደጎሰ። ሐጂም ያን ቀን ቅጠሉን ወደ ብርሃን ያነሱልኝ ይህን አውቀው ይሆናል።

ስለ ድጉሱ፣ ስለ ቆዳ ሽፋኑ ማለት ነው፣ 9ኛው አንድ ነገር ጨመረ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ጥር ላይ ሐረር ገብቶ 10 ቀን ቆይቷል። ከተማዋን ብዙ አልወደዳትም፣ ብዙ ክፉም ጽፎባታል። የመጽሐፍ ድጉሷን ግን አድንቋል፤ በምሥራቁ ዓለም ከፋርስ በቀር የሚበልጣት የለም እስከ ማለት ደርሷል። ይኸው ጸሐፊ ሌላ ጠቃሚ ነገር ነገረን። እነዚያ መጻሕፍት የገጽ ቁጥር የላቸውም። በእሱ ፈንታ፣ መጽሐፉ ሲገለጥ በቀኝ በሚውለው ገጽ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ቃል ብቻዋን ትጻፋለች። በግራ ያለው ገጽ የሚጀምረው በዚያች ቃል ነው። ክሩ ተበጥሶ ቅጠሉ ቢበተን እንኳ በቃሏ እየተመሩ መልሰው ይሰበስቡታል። ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

10ኛዋ መጽሐፍ መጽሐፍ ማለታችን አላረካትም። አያቷ ማንበብ አይችሉም ነበር። የነቢዩን ልደት የሚያወድሰውን መውሊድ ግን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያውቁታል። ዝክሪው፣ መንፈሳዊ ዝማሬው፣ ሲዜም የመሪው ድምፅ ከተሳሳተ ከሴቶቹ መሃል ሆነው የሚያርሙት እሳቸው ነበሩ። ሹዋሊድ በሚባለው የሐረሪዎች በዓል ላይ፣ ከዒድ በኋላ ያሉት 6 ቀናት ተጹመው ሲያበቃ፣ ወጣቱ ሁሉ አው ሹሉም አህመድ እና አው አክበራ የሚባሉት ቦታዎች ላይ ይሰበሰባል። ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፣ ከበል የሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ይጋጫል። መሪው አንድ ስንኝ ይጥላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ዩኔስኮ በ2023 ሹዋሊድን ሲመዘግብ ሰዉ ጭፈራውን ነው ያየው አለች። እሷ የሚታያት ግን ግጥሙ ነው።

11ኛው ይህ ሥነ ጽሑፍ አይባልም፣ ዜማ ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። 12ኛው ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነው መሰለኝ፤ እኛስ ብንሆን ጽፈን ነው ወይ የምንቀኘው ብሎ ጠየቀው። 11ኛው አልተመለሰም። እኔ ከ10ኛዋ ጋር ነኝ። ስንኙን በቃሏ የያዘች ሴት መጽሐፍ የያዘችን ያህል ናት።

13ኛው ላይ ነገሩ መጋል ጀመረ። ጸሐፊው የሐረር ትልቁ መጽሐፍ ፉቱሕ አል-ሐበሻ ነው፣ ለምን ዘለላችሁት አለ። የኢማም አህመድን ዘመቻ የሚተርከው ማለቱ ነው። 14ኛዋ አረመችው፤ ደራሲው ሺሃብ አድ-ዲን፣ ዐረብ ፈቂህ የሚባለው፣ ትውልዱ ከጂዛን ነው፣ ከቀይ ባሕር ማዶ። መጽሐፉ የሐረር ታሪክ ነው፣ ደራሲው ግን እንግዳ ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

15ኛው ግን በቁጣ ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ከነብራናቸው የነደዱበትን ዘመቻ የመራች ከተማ ዛሬ ስለ መጽሐፍ ክብር ልታወራልን ነው ወይ አለ። 16ኛው በዚያው ልክ መለሰ። በ1887 ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሆነውን አነሳ፤ ፈረስ መጋላ ላይ ያለው መድኃኔ ዓለም ቀድሞ የግብጾች መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ መቆሙን ጠቀሰ። 17ኛው ስድብ ነበር፣ የመድረኩ ኃላፊ አወረደው። 18ኛውም ስድብ ነው፣ ትንሽ የተሻለ። 19ኛው የ17ኛው መልስ ለምን ተነሳ የሚል ክርክር ነው።

20ኛዋን አመሰግናታለሁ። ማንንም አልገሠጸችም። አንድ ነገር ብቻ አስታወሰች። ደብረ ሊባኖስ በ1531 መቃጠሉን በዝርዝር የሚነግረን ያው የተጣላንበት መጽሐፍ ነው። የአጥፊው ወገን ጸሐፊ ባይጽፈው ኖሮ ስለዚያ ቀን የምናውቀው ያንስ ነበር። የተቃጠለውን ብራና የሚያዝን ሰው፣ ጀጎል ውስጥ ብል ለሚበላው ወረቀትም ያዝን አለች። የተቃጠለው መቃጠሉ እኔንም ያመኛል፤ የእናቴ ወገን ዘር ከዚያው ከደብረ ሊባኖስ አካባቢ ነው። ሐጂ ቤት ያየሁትም የእኔው ነው። አንዱን ለመውደድ ሌላውን መጥላት ያለብኝ አይመስለኝም። ይህን እዚያው ጻፍኩ፣ ሦስት ሰዎች ተቆጡኝ። ይሁን።

ከ21 እስከ 24 ያለው ስለ ግንቡ ነው። አንዱ ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ ሲል፣ ሌላው በ2006 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሁለት ቀን ተከራከሩበት። ሦስተኛ ሰው መጥቶ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ እየቆጠራችሁ ነው አላቸው፤ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. እና ጁላይ 2006 አንድ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸው ላይ ግን ተስማሙ። ኢማም አህመድ በ1543 ከወደቀ በኋላ ከተማዋ ራሷን ለመጠበቅ የታጠረችበት ነው። 24ኛው የአምስቱን በሮች ስም ሁለት ሁለት አድርጎ ዘረዘረ። እኛ ሸዋ በር የምንለው ለእነሱ አስመዲን በሪ ነው። ቡዳ በር ያልነው በድሮ በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁታት በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። 82 መስጊድ ያለበት ያ ጠባብ ቦታ በየበሩ ሁለት ስም ይዞ ይኖራል።

ከዚያ ውይይቱ እንደ ልማዱ መንገድ ሳተ። 25 እና 26 ጅብ ነው። ግንቡ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች ወራባ ኑዱል ይባላሉ፣ ጅብ የሚገባባቸው ናቸው፤ ዓሹራ ላይ ደግሞ ገንፎ ይቀርብለታል። 27ኛዋ ስለ መኪና ግርግር ጻፈች። ልብስ ሰፊዎቹ በር ላይ የሲንጀር መኪናቸውን ደርድረው የሚውሉበት መንገድ ነው፣ ስሙም ከመኪናው ድምፅ ነው የመጣው። እሷ የሠርጓን ልብስ እዚያ አሰፍታለች። ጨርቁን ከመረጠች በኋላ ሻይ ሳትጨርስ ደረሰላት። 28ኛው ሻዩ ከየት ቤት እንደሆነ ጠየቃት። ደስ ይላል፣ ግን አልፈዋለሁ።

29ኛው ሁላችንንም መለሰን። መጽሐፎቹስ የት ናቸው የሚለው ጥያቄ እኮ አልተመለሰም አለ። እሱ የሚያውቀውን ነገረን። የተወሰነው አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ አለ። የተወሰነው ውጭ አገር ሄዷል። ሐረር ላይ ደግሞ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሰበሰቡት አለ። ሰውየው ከራሳቸው ቤት ነው የጀመሩት፤ ዛሬ ሙዚየሙ ያለው ተፈሪ መኮንን ይኖሩበት በነበረው ቤት ነው። መሰብሰብ ብቻ አይደለም፣ የተጎዳ ይጠግናሉ፣ የድጉሱንም ሙያ አንስተውታል። የቀረው በየሰዉ ጣቄት ውስጥ ነው።

30ኛው ክፉ ተናገረ። ቤተሰቦቹ ራሳቸው ናቸው ለፈረንጅ የሸጡት፣ አሁን ማልቀስ ምን ያደርጋል አለ። 31ኛው ሲመልስለት አልተሳደበም። ነገሩ እሱ ቤት ደርሷል። አጎቱ ልጅ ታሞባቸው ሁለት መጽሐፍ ሸጠዋል። ልጁ ዳነ። አጎቱ ግን እስኪሞቱ ድረስ ያንን ጣቄት ባዶ ትተውት ኖሩ፣ ሌላ ዕቃ አላስቀመጡበትም። 32ኛዋ ቤተሰቧ ለሽያጭ አልሰጠም። ይገለበጥ ተብሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፣ ደረሰኝም የለው፣ መጽሐፉ ሳይመለስ ቀረ። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ጽፋለች። 30ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ብዙ ጊዜ አይታይም።

33ኛው ስለ ወቅፍ አስረዳ። ብዙዎቹ መጻሕፍት መጀመሪያቸው ወይም መጨረሻቸው ላይ ማስታወሻ አላቸው፤ ይህ መጽሐፍ ለእገሌ መስጊድ ወይም ለእገሌ ሰፈር አንባቢዎች የተሰጠ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም የሚል። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ያንን ገጽ ያንብብ አለ።

34ኛዋ ቶሮንቶ ናት። እዚያ ብዙ ሐረሪ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስበው ጌይ ሲናን ያስተምራሉ። ችግሯ ፊደሉ ነው። ቅድመ አያቷ በዐረብኛ ፊደል ጻፉ። ታናሽ እህቷ ሐረር ላይ በግዕዝ ፊደል ተማረች። እሷ ለልጆቿ በላቲን ትጽፍላቸዋለች፣ ስልካቸው ላይ የሚቀላቸው እሱ ነው። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ ቋንቋ፣ ሦስት ፊደል። አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም። 35ኛው ላቲኑን አጥብቆ ተቃወመ። 36ኛው ዐጀሚው ይመለስ አለ። 37ኛው በግዕዝ ይሁን፣ ጎረቤቱም ያነባል አለ። 38ኛው አንድ ቁጥር አስቀመጠ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ ከ183 ሺህ ትንሽ ያልፋል፤ ሐረሪዎቹ ከመቶ 9 አይሞሉም። በየትኛውም ፊደል ይሁን፣ ብቻ ልጆቹ ያንብቡ አለ። እኔ በዚህ ነገር አስተያየት የመስጠት መብት ያለኝ አይመስለኝም። ባለቤቶቹ ይወስኑ። አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፤ ማንኛውንም ቢመርጡ፣ ከየሰፈሩ ጥቂት ልጆች ዐጀሚውን ማንበብ ይማሩ። አለዚያ ጣቄቱ ውስጥ ያለውን የሚከፍተው አይኖርም።

39ኛው ፎቶዎችህን ማን አየልህ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፣ በክርክሩ መሃል ተረስተው ነበር።

40ኛው ያነበበልኝ ሰው ነው። ዐጀሚ ያውቃል። ፎቶውን አጉልቶ አየው። ማስታወሻው ሁለት ክፍል አለው አለ። የላይኛው በዐረብኛ ነው፤ 33ኛው የነገረን ዓይነት ወቅፍ ነው፣ መጽሐፉ ለሰፈሩ አንባቢዎች የተሰጠ ነው፣ አይሸጥም። የታችኛው በጌይ ሲናን ነው። የልጆች ልደት ነው። አምስት ስም፣ ከነወሩና ከነዓመቱ፣ በሒጅራ። አራተኛው ስም ላይ ቀለሙ ፈስሷል። 41ኛዋ አንዱን ስም የተነበበበትን መንገድ አረመች፤ ነጥቡ ከላይ ነው እንጂ ከታች አይደለም፣ ስለዚህ የሴት ስም ነው አለች። 40ኛው ተቀበላት።

42ኛው የእኔ ነው። ያንኑ ማታ ለሐጂ ልጅ ደወልኩላት። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። የመጀመሪያው የአባቷ የሐጂ ስም ነው። ሦስቱን አጎቶቿና አክስቷ ናቸው አለች። ያቺን ሴት ግን ሰምታ አታውቅም። በማግስቱ በሕይወት ያሉት አክስቷ ዘንድ ሄደች። አክስቷ ስሙን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ እህታቸው እንደሆነች ነገሯት፤ እሳቸው ሳይወለዱ በልጅነቷ ያለፈች። ስሟን እናታቸው ሲጠሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰሙት። ገጹን በስልክ ላይ አሳየቻቸው። አክስቷ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው የትኛው መስመር እንደሆነ አስጠየቋት።

43ኛው እንደገና ያው 40ኛው ሰው ነው። ፎቶውን ደግሞ ሲያየው ሌላ ነገር አገኘ። በቀኝ ያለው ገጽ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ ያቺ ብቸኛ ቃል አለች። የመጽሐፉ ጽሑፍ እዚያ አላለቀም ማለት ነው። በግራ ያለው ገጽ ግን በዚያች ቃል አይጀምርም። በመሃል ቢያንስ አንድ ቅጠል ጎድሏል። ምናልባት ወልቆ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ይሆናል፣ ጣቄቱን ፈትሹ አለ። ቃሏን በግዕዝ ፊደል ጽፎ ላከልን፣ መልኳን እንድናውቃት በትልቁ በዐረብኛ ፊደልም ጨመረ።

ለሐጂ ልጅ አስተላለፍኩላት። ቅዳሜ ጠዋት፣ በበሩ በኩል ብርሃን ሲገባ፣ መጽሐፎቹን በሙሉ አውርዳ በየቅጠሉ ልትፈልግ ነው። 44ኛውን መልስ እሷ ትጽፋለች።